በማንኪያው አፍ ልክ

ሞንጉ፣ ረቡዕ፣ የካቲት 20

ከትናንት ንጋት እስከ ዛሬ ንጋት፦ ጡጦ ስምንት። ስድስቱን እስከ መጨረሻው ጠጣች፣ ሁለቱን አጋምሳ ተወች። የረጠበ ጨርቅ ሰባት፣ የቆሸሸ ሁለት። ማስመለስ አንድ ጊዜ፣ ትንሽ፣ ትከሻዬ ላይ።

እህቴ ምዋንጋላ፣

ማጨብጨብ በፖስታ አይላክም እንጂ ይህን ከመጀመሬ በፊት ሁለት እጄን አጋጥሜ እንደ ወጋችን ሰላም ብዬሻለሁ። ቁጥሩን ከሰላምታው አስቀድሜያለሁ፤ እንዲያ ነው ያልሽኝ። ነጋዴም ነኝ፤ ገዢ የመጣበትን ዕቃ መጀመሪያ ነው የማሳየው።

አዎ፣ ልጅሽ ሊምፖ በሰላም ደርሳለች። ባልሽ ሙቢታ ከአውቶቡሱ ሲወርድ እንቁላል የተሸከመ ሰው ይመስል ነበር። ከሉሳካ እስከዚህ ድረስ ክንዱን አልዘረጋም፤ ልጅቱን ስቀበለው ክንዱ እንደታጠፈ ቀረ፣ አሽቼ ነው ያቃናሁለት። በማግስቱ ወደ ሥራው ተመልሷል። የቆርቆሮ ዱቄት ወተቱን፣ ሁለቱን ጡጦና አንቺ የተኛሽበትን ሆስፒታል ወረቀት አስረክቦኛል። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፤ ውሃ ማፍላት፣ ጡጦውን መቀቀል፣ እጅ መታጠብ፣ የእጅ አንጓ ላይ ጠብ አድርጎ ሙቀቱን መሞከር፣ የተረፈውን መድፋት። የተረፈውን መድፋቱ ሆዴን ቢያመኝም እደፋለሁ። የጎረቤት ድመት ከወዲሁ ደጄ ላይ መኖር ጀምራለች።

እንዴት እንደምለካ መጠየቅሽ ግን አሳቀኝ። የኔን እጅ ሞንጉ በሙሉ ያውቀዋል። የኔ አንድ ጣሳ ሩዝ እንደ ጉንዳን ኩይሳ ሹል አናት አለው፤ በዚያ ላይ እፍኝ ምራቂ። የጣሳውን አፍ በጠፍጣፋ እንጨት ጠርገው የሚሸጡት የእህል ማኅበሩ ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ደግሞ ሰው ሰላም የሚላቸው ሲቸግረው ብቻ ነው። ወረቀቱ ለስድሳ ሚሊ ሊትር ውሃ ሁለት ማንኪያ ይላል። ማንኪያዋ ቆርቆሮው ውስጥ ያለችው ናት፣ አውራ ጣቴን እንኳ በቅጡ አትይዝም። ለማያውቀኝ ገዢ ያልነፈግኩትን ለእህቴ ልጅ አልነፍግም። ሹል አድርጌ ነው የምሞላት፤ ቁንጥር ምራቂም አላት።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ሊምፖ ስትራብ እጇን ጨብጣ ነው የምትመጣው፤ ሁለቱንም፣ እንደ ድንጋይ። ጡጦው ሲጋመስ አንዱ እጅ ይላላል። ሲያልቅ ሁለቱም ይከፈታሉ፣ ጣቶቿ አንድ በአንድ ይዘረጋሉ፤ ፊቷን ዞር ታደርጋለች፣ በቃ። ሠላሳ ዓመት ስሸጥ “በቃኝ፣ ከዚህ አትጨምሪ” ያለ ገዢ አጋጥሞኝ አያውቅም። ይህች የሁለት ሳምንት ሰው ማን አስተምሯት አወቀችው? ሩዙን ትቼ እጇን ሳይ ሁለት ደንበኛ አመለጠኝ።

እህትሽ ናሊሼቦ


ሞንጉ፣ እሑድ፣ የካቲት 24

ጡጦ ዘጠኝ፣ ሁሉንም ጨርሳለች። የረጠበ ጨርቅ አምስት። የቆሸሸ የለም፤ ትናንት አንድ፣ ደረቅ፣ የፍየል በጠጥ የመሰለ።

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ዓርብ ደረሰኝ። ሹፌሩ ሲታሊ ከአውቶቡሱ ሳይወርድ በመስኮት ወረወረልኝ። “የሕፃኗ እናት ሆይ፣ ፖስታሽ!” እያለ ገበያውን ሁሉ አሰማ።

ገበያ ይዣት እሄዳለሁ ወይ ላልሽው፣ አዎ፤ ሌላ የት ትሁን? ሁለት የሩዝ ጆንያ መሐል፣ ቅርጫት ውስጥ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ትተኛለች። አጠገቤ ካሳቫ የምትሸጠውን ናሲሌሌን ታስታውሻታለሽ፤ ምላሷ ያው ነው። የመጀመሪያ ቀን ቅርጫቱን ገልጣ አየችና፦

“ናሊሼቦ! በሃምሳ ሁለት ዓመትሽ?”

“ምን ላድርግ፣ አንቺ ካሳቫሽን ስታሻግቺ እኔ ሰው አወጣሁ።”

“አባቷስ?”

“ሹፌሩ ሲታሊ። በአውቶቡስ አመጣልኝ።”

“እንዲያ ከሆነ እኔም ለሚቀጥለው ጉዞ ትኬት ልቁረጥ!”

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ስትስቅ ግን እጇን ታጥባ ነው ልጅቱን የነካችው፤ ይህን ልብ ብዬላታለሁ።

ታለቅሳለች ወይ ላልሽው፣ እስከ ሐሙስ አታለቅስም ነበር። ከዓርብ ወዲህ ታለቅሳለች። ጡጦው ባዶ ከሆነ በኋላ እንኳ ጫፉን አትለቅም። የጠማው ሰው ትመስላለች። እጇም እንደ በፊቱ አይከፈትም፤ ተጨብጦ ይቀራል። አልጠገበች ብዬ ከትናንት ጀምሮ ማንኪያውን አበርትቼዋለሁ፣ ለእያንዳንዱ ጡጦ ግማሽ ማንኪያ ጨምሬ። እያደገች ነው፤ ያደገ ሰው ይበላል። አትስጊ።

የወንዙ ሙላት ሜዳውን ይዞታል። ከኮረብታው ላይ ስትቆሚ እስከ ካላቦ ድረስ ሰማይ መሬት ላይ የተነጠፈ ይመስላል። የአማትሽ ሰዎች ከካላቦ በጀልባ መጥተው ሩዝ ወስደዋል፤ ልጅቱን አይተው “ስጪን፣ እኛ ዘንድ ላም አለ” ብለዋል። እናቷ ናት የምትወስነው አልኳቸው።

የሐኪሙን ቃል ጻፊልኝ። ስለ ልብሽ ምን አለ?

ናሊሼቦ


ሉሳካ፣ ረቡዕ፣ የካቲት 27

እትዬ ናሊሼቦ፣

እንደምን አለሽ፣ የሚያምሽ እግርሽስ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ምግብ እበላለሁ፤ ሾርባው ጨው የለውም፣ ለልቤ ነው ይላሉ። ትራስ ደርበውልኝ ቀና ብዬ እተኛለሁ። የሐኪሙን ቃል ጠይቀሻል፤ ዋናው ሐኪም ሲመጣ ጠይቄ እጽፍልሻለሁ።

ሙቢታ እሑድ እሑድ ይመጣል። ከመጣ ጀምሮ እስኪሄድ ስለ ክንዱ ነው የሚያወራው፣ አንቺ እንዴት እንዳሸሽው።

ደብዳቤዎችሽ ትራሴ ሥር ናቸው። ከሰላምታሽ ይልቅ ቁጥሩን ነው ደጋግሜ የምሰማው፤ አትቀየሚኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ስምንት ጡጦ እላለሁ፣ ስምንት ጊዜ አቅፌያት እንደዋልኩ እቆጥረዋለሁ። የሂሳብ መምህርት ነኝና አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጡጦው ከስምንት ወደ ዘጠኝ ወጣ፣ የረጠበው ጨርቅ ከሰባት ወደ አምስት ወረደ። የሚገባው ሲጨምር የሚወጣው ለምን ይቀንሳል? ይህ ሂሳብ አልወጣልኝም። ለጤና ጣቢያ አሳዪልኝ።

ታናሽሽ ምዋንጋላ


ሞንጉ፣ ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ለውድ እህቴ ለምዋንጋላ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሾርባው እንዴት ነው? አልጋሽ ከመስኮቱ ይርቃል ወይስ ይቀርባል? የዎርዱ ነርሶችስ ደጎች ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። ጎረቤቶች ሁሉ ሰላም ብለውሻል። ናሲሌሌ እጇን አጨብጭባ ሰላም በይልኝ ብላለች። በመዘግየቴ ይቅር በይኝ፤ ብዕሩ ቀለም አለቀበት፣ ሲታሊም አንድ ጉዞ ዘሎ ነበር፣ መንገዱ ላይ ውሃ ገብቶ።

ውሃው ዘንድሮ ብዙ ነው። ዓሣ ረክሷል። ትላልቆቹን እያደረቅን ነው፣ ጢሱ ዓይን ያጠፋል። የቤቴ ጣሪያ በምሥራቅ በኩል አንድ ቦታ ያንጠባጥባል፤ ባልዲ አስቀምጬበታለሁ። የሩዝ ጆንያዎቹን ወደ ምዕራብ አዛውሬያለሁ።

ጽሕፈትሽ ተለውጧል። ፊደልሽ ቀድሞ የተንጋደደ ነበር፣ አሁን ክብ ክብ ሆኗል። ሆስፒታል ፊደልም ያክማል እንዴ?

ልጅቱ አለች።

ለጤና ጣቢያ አሳዪ ባልሽው መሠረት አሳይቻለሁ። ሲስተር ሊኬዞ የምትባል ነርስ አይታታለች፤ የቆየች ደንበኛዬ ናት። በእሷ በኩል አታስቢ። በደንብ ብዪ፣ በደንብ ተኚ። የዛሬ ደብዳቤዬ አጭር ነው።

እህትሽ ናሊሼቦ


ሉሳካ፣ ዓርብ፣ መጋቢት 6

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ሁለት ገጽ ነው። ስለ ጣሪያ አለው፣ ስለ ዓሣ አለው፣ ስለ ብዕር አለው። ቁጥር የለውም።

ልጅ ሆኜ አብሬሽ ገበያ ስውል ያስተማርሽኝን አልረሳሁም። “ሚዛኑን በጨርቅ ከሚሸፍን ነጋዴ አትግዢ፤ ዕቃው ጥሩ ቢሆን ኖሮ አይሸፍነውም ነበር” ብለሽኛል። አንቺ ሸፈንሽብኝ።

“ልጅቱ አለች” ማለት ምንድን ነው? የት አለች? ስሟን እንኳ አልጻፍሽም። ሊምፖ ሞታለች? አንዲት ቃል ጻፊና በሲታሊ ስደጂ፤ ሌላውን ሁሉ ተይው። ልቤን ፈርተሽ ከሆነ፣ ልቤን የሚገድለው ያላወቅኩት ነው።

ምዋንጋላ


ሞንጉ፣ ሰኞ፣ መጋቢት 9

ሊምፖ በሕይወት አለች።

ከትናንት ንጋት እስከ ዛሬ ንጋት፦ ጡጦ ስምንት። የረጠበ ጨርቅ ስድስት። የቆሸሸ አንድ፣ ለስላሳ። ክብደት ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ። እኔ ዘንድ ስትመጣ ሁለት ከዘጠኝ መቶ ነበረች። መሐል ላይ ሁለት ከስድስት መቶ ደርሳ ነበር። እነዚህ ቁጥሮች እውነት ናቸው፤ አሁን የመጡበትን እነግርሻለሁ።

ሂሳቡ አልወጣልኝም ብለሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ከመድረሱ በፊት፣ የካቲት 28 ቀን ጠዋት፣ ሊምፖ ማልቀስ አቆመች። መጀመሪያ ተመስገን አልኩ። ቅርጫቷን ገበያ አድርሼ፣ ጆንያዬን ከፍቼ፣ ለሁለት ሰው ሩዝ ሰፍሬ ጨርቁን ስገልጥ ከንፈሯ እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰንጥቋል። ሰውነቷ ይፋጃል። አፏ ውስጥ ጣቴን ባስገባ ምራቅ የለም። ናሲሌሌ አንድ ጊዜ አየቻትና ያለ ቀልድ “ተነሽ” አለችኝ። “ዕቃሽን እኔ አያለሁ። ተነሽ፣ አንቺ ሴት!” ከገበያ እስከ ሆስፒታሉ ያለውን አቀበት እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም።

የሚቀጥለውን ሁለት ቀን አልጽፍልሽም። ስትመጪ ከፈለግሽ ትጠይቂኛለሽ።

በሦስተኛው ቀን ሲስተር ሊኬዞ ጠራችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ እናቷ እየላከቻት ሩዝ ከኔ ስትገዛ ያደገች ናት። ቆርቆሮውን፣ ጡጦውንና የፈላ ውሃ ጠረጴዛ ላይ ደረደረች።

“እማማ፣ እቤት እንደሚያደርጉት አድርገው ያሳዩኝ።”

“ምን አሳይሻለሁ፣ ወረቀቱን አንብቤያለሁ። ስድሳ ውሃ፣ ሁለት ማንኪያ።”

“ያሳዩኝ።”

ውሃውን በምልክቱ ልክ ሞላሁ። ማንኪያዋን አስገብቼ አወጣሁ፣ ሹል አድርጌ። ደገምኩ። ከዚያ በጣቴ ቁንጥር ቆንጥሬ ጨመርኩ። ለበለጠ ጥጋብ ያልኩትን ግማሽም ጨመርኩ። ሊኬዞ ጡጦውን ወሰደችና በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ከዚያ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

“እማማ፣ ይህ እኮ የእርስዎ ጣሳ ነው።”

“ታዲያስ? አንድ ማለት አንድ ነው።”

“አንድ ማለት በአፉ ልክ ነው።” ማንኪያዋን እንደኔ ቆልላ ሞላችና፣ ቢላዋ አንስታ ከአናቷ ላይ ኩይሳውን ጠረገችው። የወደቀው ዱቄት ማንኪያዋ ውስጥ ከቀረው ብዙም አያንስም ነበር። “ምራቂው ለማን ነው?”

“ለልጄ ነዋ! ለማን ይሆናል?”

“ገበያ ላይ ምራቂ ሲጨምሩ የሚጎድለው ከእርስዎ ጆንያ ነው። እዚህ የጎደለው ከእሷ ነው። ወተቱ ውስጥ ጨው አለ። ሲበዛባት ለማጠብ የገዛ ሰውነቷን ውሃ አወጣች። ኩላሊቷ የእርስዎን አውራ ጣት አታክልም፣ እማማ። እሷ ስትጠማ እርስዎ ያበረቱታል፤ ሲያበረቱት ትጠማለች።”

ምዋንጋላ፣ የሚገባው ሲጨምር የሚወጣው ለምን ይቀንሳል ብለሽ ነበር። መልሱ ይህ ነው። አንቺ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት አልጋ ላይ ተኝተሽ ያየሽውን እኔ አቅፌያት አላየሁም።

በውሃ እጦት ከሆነ ለምን ውሃ በአንዴ አትሰጪያትም አልኳት። “በአንዴ ብንሰጣት ጭንቅላቷን እንጎዳዋለን” አለችኝ። “የደረቀው በቀስታ ነው የሚርሰው።” ጠርሙሱ ከላይ ተሰቅሏል፤ ጠብታው ይወርዳል፣ ይቆማል፣ ይወርዳል። ወንበር ስበው ሰጡኝና ቁጠሪ አሉኝ፤ በደቂቃ ከዚህ እንዳይበልጥ፣ ከዚያ እንዳያንስ። ቆጠርኩ። በዕድሜዬ ስንት ጆንያ እንደሰፈርኩ አላውቅም፤ ጠብታ ግን ሰፍሬ አላውቅም ነበር። ለካ ሕይወት የምትሰፈረው እንዲህ ነው፤ ቢያንስም ትሄዳለች፣ ቢበዛም ትሄዳለች። እኔ መብዛት የሚገድል ነገር መኖሩን ሳላውቅ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ።

መጋቢት 4 ቀን ከሰዓት በኋላ ትክክለኛውን ጡጦ ሰጠኋት። ሊኬዞ ናት ያዘጋጀችው። ቀጭን መሰለኝ፣ ጣሳ የታጠበበት ውሃ። ሊምፖ ዓይኗን ከዓይኔ ሳትነቅል ጠጣች። ጡጦው ሲጋመስ ግራ እጇ ላላ። ሲያልቅ ቀኝ እጇ ተከፈተ፤ አውራ ጣቷ መጨረሻ ላይ። ጭኔ ላይ እንደ ቅጠል አረፈ። ሊኬዞ “ምነው እማማ?” አለችኝ። የሊምፖን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። አንድ ጨርቅ ላይ ሽንት ያየሁ ለት እልል ብዬ ዎርዱን ቀሰቀስኩት፤ ይህን ሲታሊ ከሌላ ሰው ሰምቶ ሳይነግርሽ እኔው ልንገርሽ።

ቅዳሜ ከሆስፒታል ወጣን። በማግስቱ የማኅበሩ እህል ሻጭ ዘንድ ሄድኩ፤ እንጨቱን ይዞ ቆሟል።

“እንጨትህን አውሰኝ።”

“አንቺ? ናሊሼቦ? ፀሐይ ዛሬ በየት ወጣች!”

“ሳቅህን ስትጨርስ ትሰጠኛለህ።”

ለምን እንደፈለግኩት ስነግረው መሳቁን ተወ። ከእንጨቱ ጫፍ ጣት የምታህል ቆረጠልኝ፣ በብርጭቆ ስባሪ አለሰለሰልኝ። አሁን በየቀኑ ትቀቀላለች፣ ከጡጦው ጋር። ማንኪያ እሞላለሁ፣ በእሷ እጠርጋለሁ፣ ደግሜ አያለሁ።

ለምን ሸፈንሽው ላልሽኝ፣ ልብሽ ላይ አንድ ቁንጥር እንኳ መጨመር ፈራሁ። እውነቱ ግን ይህ ግማሹ ነው። ግማሹ ሐፍረት ነው።

የአማትሽ ሰዎች የፊታችን ሳምንት በጀልባ ይመጣሉ። ልጅቱን ከኔ ወስደው ካላቦ እንዲያሳድጓት ከፈለግሽ አንድ ቃል ይበቃኛል። ጨርቆቿን አጥቤ፣ አጣጥፌ፣ በራሴ እጅ ጀልባው ላይ አስቀምጣታለሁ። አልከራከርሽም።

ናሊሼቦ


ሉሳካ፣ ዓርብ፣ መጋቢት 13

እትዬ፣

ይህን የተንጋደደ ፊደል ታውቂዋለሽ። የኔ ነው። ያለፉትን ሁለት ደብዳቤዎች የጻፈችልኝ አጎራባች አልጋ ላይ የተኛች ሴት ናት፤ እኔ ስናገር እሷ ትጽፍ ነበር፣ ያንቺንም የምታነብልኝ እሷ ነበረች። ብዕር መያዝ አልችልም ነበር። ፊደል ያክማል ወይ ብለሽ የቀለድሽውን ያነበበችልኝም እሷው ናት። አንቺ ቁጥር ሸሸግሽ፣ እኔ እጄን ሸሸግኩ። እናታችን ብትኖር ለሁለታችንም አንድ አንድ ጥፊ ነበራት።

የሐኪሙ ቃል ይኸው። ልቤ በወሊዱ ምክንያት ሰፍቷል፤ ከተሰጋው በላይ ግን ወደ ልኩ እየተመለሰ ነው። መድኃኒቱን ለረዥም ጊዜ እወስዳለሁ። ሌላ መውለድ የለም። ጡቴ ደርቋል፣ አይመለስም። ይህን የመጨረሻውን፣ የጡቴን ነገር፣ የካቲት ላይ አውቄዋለሁ፤ ልነግርሽ አፌ እምቢ አለ።

ደብዳቤሽ ሐሙስ ደረሰኝ። ሌሊቱን በሙሉ ተቆጣሁሽ። “የሚቀጥለውን ሁለት ቀን አልጽፍልሽም” የምትለው መስመር ላይ ደጋግሜ ወደቅኩ። ጠዋት ሲነጋ ግን እጇ ስለተከፈተበት ቦታ ራሴ አነበብኩት፣ ለራሴ፣ በገዛ ዓይኔ። ከዚያ ከአልጋ ወርጄ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ነርሷ ጮኸችብኝ።

ሊምፖ ካላቦ አትሄድም። ምሕረት እንዳይመስልሽ፣ ሂሳብ ነው። ያ ሁሉ ላም ያለበት ቤት የሚለካው በጎድጓዳ እጅ ነው። በዚያ አገር ሁሉ ማንኪያ አሳስቶ የማይሰፍር አንድ ሰው ፈልጊ ብባል፣ ከእንግዲህ እሱ አንቺ ነሽ። ቁጥሩን አታቋርጪብኝ።

እኔም ስመጣ ከዜሮ ነው የምጀምረው። ጡጦ ይዤ አላውቅም። አስተምሪኝ፤ አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ እንዳታባብዪኝ። ታውቀኛለች?

ምዋንጋላ


ሞንጉ፣ ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 1

ከትናንት ንጋት እስከ ዛሬ ንጋት፦ ጡጦ ሰባት፣ እያንዳንዱ ዘጠና ውሃ፣ ሦስት ማንኪያ፣ በአፉ ልክ። ከሰባቱ አንዱን አጋምሳ “በቃኝ” ብላለች፤ ድመቷ ተደስታለች። የረጠበ ጨርቅ ስምንት፣ የቆሸሸ ሁለት። ክብደት ሦስት ኪሎ ከአራት መቶ።

እህቴ፣

ይህን ደብዳቤ አልልከውም። ሲታሊ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከሉሳካ ይነሳል፤ አንቺም አብረሽው ነሽ። ፖስታውና ተቀባይዋ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ግን ቁጥሩን አታቋርጪ ብለሻል፣ የዛሬውም ቁጥር ነው። ስትመጪ በእጅሽ እሰጥሻለሁ።

ጥያቄሽን ሦስት ሳምንት አንጠልጥዬ ቆይቻለሁ። ሌላውን ሁሉ መልሼ እሱን ዘልዬዋለሁ፤ አንቺም አልደገምሽውም። አታባብዪኝ ስላልሽ አላባብልሽም። አታውቅሽም። በሁለት ሳምንቷ ነው የተለያችሁት፤ ሽታሽን ይዛ ከነበረም የሩዝና የዓሣ ጢስ አልብሼዋለሁ። ነገ ስታይሽ እንደማንኛውም ገዢ ነው የምታይሽ።

ግን ይህን አይቻለሁ። ስትጠጣ ጡጦውን አታየውም። ከጡጦው በላይ ያለውን ፊት ነው የምታየው፣ ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻው፣ ልክ እንደምትሰፍር። ሲስተር ሊኬዞ ሕፃን ጥርት አድርጎ የሚያየው ከጡት እስከ ፊት ያለውን ርቀት ነው አለችኝ። ከክርኔ እስከ ዓይኔ ለካሁት፣ ያው ነው። ከዚያ በላይ አይሰጠውም፣ ከዚያ በታችም አይሰጠውም። ይህን የሰፈረውን እጅ አላውቀውም፤ ግን አልቆለለውም፣ አላጎደለውም። ሳስበው አንዳንዴ ጣሳዬን ይዤ ቆሜ እቀራለሁ፣ ናሲሌሌ “ሴትዮዋ ደግሞ ሄደች” ትላለች።

ባለፈው ሳምንት ሳቀች። ለኔ ነው ብዬ ለናሲሌሌ አወራሁ፤ “ለማንኪያው ነው፣ አትኩሪ” አለችኝ። ምናልባት እውነቷን ነው። ይሁን። ማንኪያውን የያዘ ፊት እሷ ዘንድ ይታወቃል።

ገበያ ላይ አሁንም እቆልላለሁ፤ እንዳልተበላሸሁ እወቂልኝ። የኔ ሩዝ ሹል አናት አለው። ሁለት ልክ አለኝ በይ፤ አንዱ ለገበያ፣ አንዱ ለሊምፖ። አይቀላቀሉም።

አንድ የነጋዴ ተንኮል አስቤያለሁ። አውቶቡሱ የሚገባው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው፤ ሊምፖም የምትነቃው ያኔ ነው። እዚህ ሳላጠጣት ይዣት እመጣለሁ። ትንሽ ታለቅሳለች፤ ይቅር ትበለኝ። እጇን ጨብጣ ትጠብቅሽ። ሲታሊ አውቶቡሱን አቁሞ ሻንጣ ሲያወርድ አንቺ የተሳፋሪ ወንበሩ ላይ ትቀመጫለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ፤ እጄን አላስገባም። ሌላውን ሁሉ እሷ ታሳይሻለች። ግራ እጇ መጀመሪያ፣ ከዚያ ቀኙ፣ አውራ ጣቷ መጨረሻ ላይ።

ነገ፦ በአሥራ አንድ ሰዓት ውሃ ማፍላት፣ ፔርሙስ መሙላት። የተቀቀለ ጡጦ አንድ፣ ባዶ። ቆርቆሮው፣ ማንኪያዋና ጠፍጣፋዋ እንጨት፣ በንጹሕ ጨርቅ። ንጹሕ የሽንት ጨርቅ ሁለት። አሥራ ሁለት ሳይሆን አውቶቡስ ማቆሚያው። ማንኪያውን ምዋንጋላ ትሰፍራለች።